የወገብ ሕመምና የፊዚዮቴራፒ ሕክምና

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሠልጣኞች የወገብ ሕመም ከምን እንደሚነሳ፣ ፊዚዮቴራፒ ምን እንደሚሠራና በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ ለይተው እንዲያውቁ ማድረግ።



ስለ ዘርና ማዳበሪያ ለመማር መጥታችሁ ስለ ወገብ መነጋገራችን ሊገርማችሁ ይችላል። ነገር ግን በዋግ ኽምራ ክረምቱ አጭር ነው። በዘር ወቅት አባወራው ለሁለት ሳምንት ከተኛ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ካልሆነም ለእኩል አራሽ ይሰጣል። እማወራዋ ከታመመች ደግሞ ልጅቱ ውኃ ለመቅዳት ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ስለዚህ የወገብ ጤና የምርት ጉዳይ ነው።

1. ወገብ ለምን ያማል?

ሥራችን ወገብን ያደክማል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለን እናርማለን፣ እናጭዳለን። በአንድ እጅ እርፍ ይዘን ወደ ጎን አዘንብለን እናርሳለን። በጥርና በየካቲት የእርከን ድንጋይ እናነሳለን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እናቶችና እህቶች ይህን አዝለው ዳገት ይወጣሉ።

የወገብ ሕመም የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ገደማ ይህ ነው ተብሎ የሚለይ በሽታ ወይም ስብራት አይገኝም። ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ወገቡ ተሰብሯል፣ ከእንግዲህ ሥራ የለም ማለትም አይደለም።

2. መተኛት ለምን አያድንም?

ሕመሙ ሲበረታ አንድ ሁለት ቀን ሥራ ማቅለል ተገቢ ነው። ለብዙ ቀን አልጋ ላይ መዋል ግን ጡንቻን ያደክማል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል። ለወራት ያልተጠመደ በሬ በመጀመሪያው ቀን ቶሎ እንደሚደክም ታውቃላችሁ፤ የሰው ወገብም እንዲሁ ነው። አቅም በፈቀደ መጠን መራመድና ቀላል ሥራ መሥራት ፈውሱን ያፋጥናል።

ወገብን ማስረገጥ፣ ሳይመረመሩ ማሳብና ማስታገሻ ክኒን ከሱቅ እየገዙ ለረጅም ጊዜ መዋጥ ጉዳት ያመጣል። ክኒኑ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

3. ፊዚዮቴራፒ ምንድን ነው?

ፊዚዮቴራፒ በአካል እንቅስቃሴ፣ በእጅ በሚሰጥ ሕክምናና በምክር ሕመምን የሚቀንስና የመሥራት አቅምን የሚመልስ ሕክምና ነው። ባለሙያው ፊዚዮቴራፒስት ይባላል። በክልላችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ያሠለጥናል።

ባለሙያው ሥራችሁን ይጠይቃል፣ አጎናበሳችሁን ያያል፣ የእግራችሁን ጉልበትና ስሜት ይፈትሻል። ከዚያም ለእናንተ የሚስማማውን እንቅስቃሴ መርጦ ያሳያችኋል። የሕክምናው ትልቁ ክፍል ቤታችሁ የሚሠራ ነው፤ አንድ ቀን ታይቶ የሚያልቅ ስላልሆነ የታዘዘውን ሳያቋርጡ መሥራት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ3 ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም የአካል እንቅስቃሴንና ትምህርትን ከሚመከሩት ሕክምናዎች መካከል አስቀምጧል። የወገብ ቀበቶን ግን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። እኛም ወገባችንን በመቀነት አጥብቀን ስላሰርን ብቻ ታከምን ማለት አይደለም።

4. በሥራ ላይ ምን እናድርግ?

• ሸክም ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ሸክሙን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፤ ወገባችሁን እየጠመዘዛችሁ አታንሱ።
• ትልቅ ድንጋይ በድጅኖ አንከባሉ፤ ሌላውን ለሁለት ሆናችሁ በባሬላ ተሸከሙ።
• ስታርሙና ስታጭዱ በየመሐሉ ቀና በሉ፤ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ተለጠጡ።
• እርፉ አጭር ከሆነ አስተካክሉት፤ ስታርሱ እጅ ቀያይሩ።
• አህያ ያለው ቤተሰብ ውኃውን በአህያ ያስጭን። የሌለው በአነስተኛ ጀሪካን ይመላለስ፤ ወንዶችም ይቅዱ።

5. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከወገብ ሕመም ጋር የሚከተሉት ከታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦

• እግር መዛል ወይም መስነፍ
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት አልወጣ ማለት
• በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ
• ከገደል ወይም ከዛፍ ከወደቁ በኋላ የመጣ ሕመም
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ (የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል)

6. ወዴት እንሂድ?

በመጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ተመርመሩ፤ ካስፈለገ ፊዚዮቴራፒ ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት መታወቂያችሁን ያዙ፤ የሪፈር ቅደም ተከተሉንም ጠብቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ወገብን ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው ሥራ ነው? በምን ይቀልላል?
2. በዘር ወቅት ወገቡን የታመመ ጎረቤት ቢኖር ልማት ቡድኑ ማሳው ጦም እንዳያድር፣ እሱም ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ምን ሊያግዘው ይችላል?