የብርድ ወቅት ሾርባ፦ አዘገጃጀቱና ለሕመምተኛ አቀራረቡ

የትምህርቱ ዓላማ፦ አንባቢው በአካባቢው ከሚገኝ እህልና አትክልት ገንቢ ሾርባ እንዲያዘጋጅ፣ ሕመምተኛውንም በሽታው ወደ ቤተሰቡ ሳይዛመት እንዲመግብ ማስቻል ነው።

መግቢያ

ብቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኙ ደጋማ ከተሞች ናቸው። በክረምቱ ዝናብም ሆነ በበጋው የሌሊት ቁር ቤተሰብ በርና መስኮት ዘግቶ በምድጃ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ከአንድ ገበታም ይመገባል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ግን ይህ መልካም ልማድ ጥንቃቄ ይሻል፤ ተሕዋሲው አየር በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ በቀላሉ ይተላለፋልና።

ሾርባም ሆነ በውስጡ የሚገቡት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ኮቪድ-19ን አይከላከሉም፤ አያድኑምም። የሾርባ ጥቅም በትኩሳት የጠፋውን ፈሳሽ መተካት፣ ጉሮሮን ማለስለስና ምግብ ላስጠላው ሰው ኃይል መስጠት ነው።

ለ6 ሰው የሚያስፈልግ

• 1 ኩባያ ለቅንጬ የተከካ ገብስ
• ግማሽ ኩባያ ምስር ክክ
• 1 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብል
• 2 ካሮት፣ 2 ድንች፣ 1 እፍኝ የተከተፈ ጎመን
• 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
• 10 ኩባያ ንጹሕ ውሃ
• አዮዲን ያለው ጨው

አዘገጃጀት

1. እጅዎን በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ይታጠቡ። ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ለሌሎች ምግብ አያዘጋጅ።
2. ገብሱን ለቅመውና አጥበው ከዋዜማው ይዘፍዝፉ።
3. ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት ያቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ይጨምሩ።
4. ገብሱንና ውሃውን ጨምረው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያፍሉ። ከዚያም ምስሩን፣ ካሮቱንና ድንቹን ይጨምሩ።
5. ሁሉም ሲበስል ጎመኑን ጨምረው ጥቂት ያንተክትኩ። አዮዲኑ በሙቀት እንዳይባክን ጨውን ከእሳት ሊያወርዱ ሲሉ ያድርጉ።

በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ እህል ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ድስቱን መክደን ጊዜንም ማገዶንም ይቆጥባል። የማገዶና የኩበት ጭስ ሳንባን ስለሚጎዳ በሚያበስሉበት ጊዜ በርና መስኮት ይክፈቱ። የቀመሱበትን ማንኪያ ወደ ድስቱ አይመልሱ።

ጾም ላልሆነበት ጊዜ እንቁላል ወይም ወተት ቢጨመር ይበልጥ ይገነባል። የደም ግፊት ላለበት ሰው ጨው ይቀነስ። 6 ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አይሰጥ።

ለሕመምተኛ አቀራረብ

ሕመምተኛው በተለየ ክፍል ይተኛ፤ የራሱ ሳሕን፣ ማንኪያና ኩባያም ይኑረው። ምግቡን የሚያቀርበው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ሕመምተኛው ራሱን ችሎ መመገብ ከቻለ ሾርባውን በክፍሉ በር አስቀምጦ ይመለስ። ጉርሻ ለጊዜው ይቅር። የሕመምተኛው ትራፊ ለሌላ ሰው አይሰጥ፤ ዕቃውም በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ጎረቤት ታማሚን መጠየቅ ነባር ወጋችን ነው። ወጉ እንዳይቀር፣ በሽታውም እንዳይዛመት አጥሚቱን ወይም ሾርባውን ከደጅ አድርሶ ከሁለት የአዋቂ እርምጃ በላይ ርቆ ወይም በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

ሾርባ የማይበቃበት ጊዜ

ሕመምተኛው ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ደረቱ ላይ የማያቋርጥ ሕመም ወይም ጫና ከተሰማው፣ ከተወዛገበ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በቤት ውስጥ ማስታመም ይብቃ። ሳይዘገዩ ወደ 8335 ይደውሉ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ተቋም ይውሰዱት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ አንድ ሰው ቢታመም የትኛው ክፍል ይለይለታል? ምግቡንስ ማን ያቀርባል?
2. በብርድ ጊዜ ቤቱ አየር እንዲያገኝ በየትኛው ሰዓት መስኮት ትከፍታላችሁ?