የሥዕል ቀለም በሪፖርት ላይ፦ ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች

በሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የሚዘጋጅ ሪፖርት በኮምፒዩተር ላይ ባለ ቀለም ሆኖ ይሠራል፤ ለጉባኤው የሚታደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው። በዚህ መካከል የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። ከዚህ ቀደም በተገኘንበት አንድ ስብሰባ ላይ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ካርታ ለአባላቱ ታድሎ ነበር። በዋናው ካርታ አገልግሎት የሚሰጡት ምንጮች በአረንጓዴ፣ የተበላሹት በቀይ ነጥብ ተመልክተዋል። በቅጂው ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። አንድ አረጋዊ ካህን «የእኛ ምንጭ ከሚሠሩት ነው ወይስ ከተበላሹት?» ብለው ሲጠይቁ ወረቀቱን አይቶ ሊመልስላቸው የቻለ አልተገኘም። የጥገናው ገንዘብ የሚደለደለው ደግሞ በዚያው ወረቀት ነበር።

ኮምፒዩተር ቀለምን የሚይዘው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይለካል። ወደ ግራጫ ሲለወጥ በተለመደው ስሌት ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ተወስዶ ይደመራል። ስለዚህ መጠኑ 255 የሆነ ደማቅ ቀይ 76፣ መጠኑ 128 የሆነ አረንጓዴ ደግሞ 75 ይሆናል። ይህን ልዩነት ዓይን አይለየውም።

እንግዲህ ከማባዛት በፊት ግራጫውን ራሳችን እንየው። በማይክሮሶፍት ወርድ ሥዕሉን ጠቅ ስናደርግ ከላይ «ፒክቸር ፎርማት» የሚለው ይመጣል (በቆዩት እትሞች «ፎርማት» ብቻ ይላል)። በውስጡ «ከለር» የሚለውን ስንጫን ሦስት ዓይነት ምርጫ ይታያል። የመጀመሪያው የቀለሙን ድምቀት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሁለተኛው ሥዕሉን ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ብርቱካናማ ያዘነብላል፤ በአምፖል ብርሃን ተነሥቶ ቢጫ የመሰለን ፎቶግራፍ ለማረም ይረዳል። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ሦስተኛው፣ «ሪከለር» የተባለው ነው። ከእርሱ ሥር «ግሬይስኬል» የሚለውን መርጠን ካርታውን እንመልከት። ነጥቦቹ ከተመሳሰሉ ወደ ዋናው ካርታ ተመልሶ በቅርጽ መለየት ይገባል፤ የሚሠራውን በክብ፣ የተበላሸውን በሦስት ማዕዘን። (መስቀልን የብልሽት ምልክት ማድረግ ለእኛ አይስማማም።) በዚያው ረድፍ ያለው «ብላክ ኤንድ ኋይት» ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የሰው ፊት ያለበትን ፎቶግራፍ ያበላሻል።

ቅዱሳት ሥዕላትን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበልጣል። የእመቤታችን ሰማያዊ መጎናጸፊያም ሆነ በቅዱሳን ራስ ዙሪያ ያለው ወርቃማ አክሊለ ብርሃን ለጌጥ የተቀባ አይደለም። ማስታወቂያውን ለማሳመር ሲባል ሥዕሉን ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ማድረግ አይገባም። ማተሚያው ቀለም ከሌለው ግራጫ ይበቃል። «ዋሽአውት» በተባለው ምርጫ ሥዕሉን አደብዝዞ በላዩ ላይ መጻፍም ለዛፍ ወይም ለተራራ ፎቶግራፍ ይሁን እንጂ፣ በቅዱሳን ፊት ላይ የስብሰባ ሰዓት መጻፍ ነውር ነው።

ስሕተት ቢፈጠር «ሪሴት ፒክቸር» የሚለው ሥዕሉን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ሰነዱን ለማሳነስ ሥዕሎቹ ሲጨመቁ የማስተካከያው መረጃ አብሮ እንዲወገድ ከተመረጠ መመለሻ አይኖርም። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የዋናው ሥዕል አንድ ቅጂ በሌላ ፎልደር ይቀመጥ።