ሚዛን ወይስ ብርዝ? የ14ኛው የታሮት ካርታ ትርጉምና ተምሳሌት

መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ታሮት ከሚባለው ነገር ጋር ወደደም ጠላ የሚገናኝበት ቦታ አለ። ቲ. ኤስ. ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው «ዘ ዌስት ላንድ» በተሰኘው ረጅም ግጥም ውስጥ ማዳም ሶሶስትሪስ የምትባል ካርታ ገላጭ አለች። ግጥሙን ያነበበ ተማሪ «ይቺ ሴትዮ የያዘችው ካርታ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልስ ፍለጋ ስልኩን ሲከፍት ደግሞ «ካርታ ምረጥ፣ ዕድልህን እንንገርህ» የሚል ያጋጥመዋል። የጠየቀው ሥነ ጽሑፍ ነው፤ የተሰጠው መልስ ግን ጥንቆላ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከ78ቱ የታሮት ካርታዎች አንዱን ብቻ፣ የውስጥ መስማማትን ያሳያል የሚባለውን 14ኛውን ካርታ፣ ለመዳሰስ ይሞክራል። ዋናው ጥያቄ የቋንቋ ጥያቄ ነው፤ ይህ ካርታ በአማርኛ ማን ይባል? ትክክለኛውን ስም ስንፈልግ ትርጉሙም አብሮ ይገለጣል የሚል እምነት አለኝ።

1. ታሮት ከየት መጣ?

ታሮት ሲጀመር የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ መኳንንት ይጫወቱበት የነበረ የመጫወቻ ካርታ ነው። 56ቱ ካርታዎች ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትርና ሳንቲም በሚባሉ አራት ወገኖች ይከፈላሉ፤ 22ቱ ደግሞ የየራሳቸው ሥዕል አላቸው። ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ ሰዎች ይጫወቱበታል።

ካርታው የተሰወረ ጥበብ ነው የሚለው ወሬ የገነነው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ «ይህ የጥንት ግብጾች መጽሐፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ሻምፖልዮን የግብጽን ጥንታዊ ጽሕፈት የመፍታቱን ምሥጢር ያስታወቀው ግን በ1822 ነው። እንግዲህ ሰውዬው ያን ጊዜ ማንም ሊያነበው የማይችለውን ነገር ምስክር አድርጎ ጠርቷል ማለት ነው። ፈላስፋው ማይክል ደሜትም እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ታሮት ለረጅም ዘመን ጨዋታ እንደነበረ አስረድቷል።

ዛሬ በብዛት የሚታወቁት ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የታተሙ ናቸው። ሐሳቡን ያወጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሲሆን ሥዕሎቹን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ከዚህ በታች የምንመለከተው የእሷን ሥዕል ነው።

2. በሥዕሉ ላይ ምን አለ?

አንድ ክንፍ ያለው መልአክ ቆሟል። አንዱ እግሩ መሬት ላይ ነው፤ ሌላው ውኃ ውስጥ። በሁለት እጆቹ ሁለት ዋንጫ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል። የሚፈሰው ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ታች አይወርድም፤ አግድም ተዘርግቶ ይሄዳል። ሰጪው ዋንጫ የትኛው፣ ተቀባዩ የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር ይቸግራል። ግንባሩ ላይ የፀሐይ ምልክት፣ ደረቱ ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጠ ሦስት ማዕዘን አለ። ከኋላው ከውኃው ዳር ተነሥቶ ወደ ተራራ የሚወጣ ቀጭን መንገድ ይታያል፤ ከመንገዱ መጨረሻ ብርሃን አለ።

የካርታው ቦታም ትርጉም አለው። ከፊቱ ያለው 13ኛው ካርታ ሞት ነው፤ የሚከተለው 15ኛው ዲያብሎስ ነው። መልአኩ ሁለቱን ዋንጫዎች ይዞ የቆመው በእነዚህ መካከል ነው።

3. ያልተስማሙ ስሞች

መጀመሪያ ወደ አፋችን የሚመጣው ቃል «ሚዛን» ነው። ነገር ግን ሚዛን ሁለት ሳህን አለው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ለአንዱ የጨመርነው ሌላውን ያቀለዋል። በዚያ ላይ ሚዛን የያዘ ሌላ ካርታ አለ፤ 11ኛው፣ ፍትሕ የሚባለው። ስለዚህ ሚዛን ባለቤት አለው።

ሁለተኛው «ራስን መግዛት» ነው። ጥሩ ቃል ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስም የምናውቀው ነው። ግን መግዛት ካለ ገዢና ተገዢ አለ። ይህንንም የሚያሳይ ሌላ ካርታ አለ፤ 8ኛው፣ ብርታት የሚባለው። እዚያ ላይ አንዲት ሴት የአንበሳ አፍ ይዛ ትታያለች። በ14ኛው ካርታ ላይ ግን አንበሳ የለም፤ የሚገታ ነገርም የለም።

«ውሕደት» ብንልስ? ይህ ቃል በአገራችን ከባድ የነገረ መለኮት ትርጉም የተሸከመ ስለሆነ ለመጫወቻ ካርታ ማዋሉ የሚገባ አይመስለኝም።

መፍትሔው ያለው ከቃሉ ሥር ነው። የካርታው የአውሮፓ ስም የመጣው ቴምፔራሬ ከሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙ በልክ መቀላቀል፣ አመጣጥኖ ማደባለቅ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ሠዓሊዎች ይህንን ምግባር ወይን ላይ ውኃ የምትጨምር ሴት አድርገው ይሥሉት ነበር።

4. ብርዝ

ወይንን በውኃ ማለዘብ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም፣ ማርን በውኃ መበረዝ ግን እንግዳ አይደለም። ኢሉባቦር የማር አገር ነው፤ ከመቱ ወይም ከጎሬ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ የገባ ሰው ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አይቸግረውም። ንጹሕ ማር ብቻውን ብዙ አይጠጣም፤ ውኃም ብቻውን ውኃ ነው። ሁለቱ በልካቸው ሲገናኙ ብርዝ ይሆናል። ከተበረዘ በኋላ የማሩ ድርሻ የቱ ነው፣ የውኃው የቱ ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ልክ እንደ መልአኩ ዋንጫዎች ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ «በረዘ» ስንል ብዙ ጊዜ የምንለው ለክፉ ነው። «ባህሉ ተበረዘ»፣ «ቋንቋው ተበረዘ» እንላለን። ይህም መሠረት አለው፤ ልኩን የሳተ ብርዝ ቀጭን ውኃ ይሆናል። የምዕራብ ኦሮሞ ማኅበረሰብ «ሰፉ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል። ላምበርት ባርተልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት ጥናት ይህን ቃል በስፋት ይተነትናል። በአጭሩ ሰፉ ማለት እያንዳንዱ ፍጡር ቦታና ክብር አለው፣ በመካከላቸውም የሚጠበቅ ወሰን አለ የሚል ሥርዓት ነው። ብርዝ መቀላቀልን ሲያስተምር ሰፉ ወሰንን ያስታውሳል። ካርታው የሚፈልገው ሁለቱንም ነው፤ ስለዚህ «በልክ መበረዝ» ቢባል ከሌሎቹ ስሞች ሁሉ የተሻለ ይቀርበዋል እላለሁ።

5. አራቱና ሦስቱ

የመልአኩን ደረት እንመልከት። አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን በድምሩ ሰባት ነው፤ ዌይትም ምልክቱን ያገናኘው ከሰባት ቁጥር ጋር ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ ነው። አራቱ ባሕርያተ ሥጋ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው፤ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያዊነት ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይቻልም። አራቱ ንጥረ ነገሮች ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ በብዙ አገር የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ሐሳቡ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ እሳትና ውኃ ጠበኞች ሆነው ሳለ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የሰው ጤና እሳቱን በማጥፋት ወይም ውኃውን በማድረቅ አይገኝም።

6. ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?

ቤቱ በኦሮምኛ አድጎ፣ በአማርኛ የሚጽፍ፣ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ተማሪ እዚህ መቱ ውስጥ ጥቂት አይደለም። በሚዛን ካሰበ «አንዱን ባጠብቅ ሌላው ይላላብኛል» እያለ ይሰጋል። በብርዝ ካሰበ ግን ከእናቱ የሰማውን ተረት ወደ ድርሰቱ፣ ከክፍል የተማረውን ትንተና ደግሞ ወደ ተረቱ ይገለብጣል። ሁለቱም ዋንጫ አይጎድልም።

ሐዘን የደረሰበትን ተማሪም እናስብ። ካርታው ከሞት ቀጥሎ መምጣቱ ለእሱ ትርጉም አለው። የአገራችን ልማድ ሐዘንተኛን «ወዲያው እርሳ» አይለውም፤ «እንደተቀመጥክ ቅር»ም አይለውም። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ሐዘኑን ወደ ኑሮው በጥቂት በጥቂቱ ይበርዝለታል። ይህ ከመርሳት ይለያል፤ መሸከም የሚቻልበት መንገድ ነው።

ካርታው የነገን ይነግራል ወይ ለሚለው እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ያደረገውን ማንሳት ይበቃል። ለ39 ተማሪዎቹ «የየግል ጠባያችሁ መግለጫ ነው» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው፤ ትክክለኛነቱንም ከ5 እንዲለኩ ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለቀመውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ስኒ አንባቢው፣ ሞራ ገላጩና ኮከብ ቆጣሪው «ልክ ነገረኝ» የሚባሉበትን አንዱን ምክንያት ከዚህ እንረዳለን። ለማንም የሚስማማ ቃል ለእኔ ብቻ የተነገረ ይመስላል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው 14ኛው ካርታ ጥንተ ትርጉሙ የምግባር ሥዕል እንጂ የዕድል መንገሪያ አይደለም። ስሙም ከሚዛንና ራስን ከመግዛት ይልቅ በልክ ወደ መበረዝ ያደላል። የውስጥ መስማማት አንድ ጊዜ ተመዝኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ መልአኩ ዋንጫውን እንዳላስቀመጠ ሁሉ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ውድ አንባቢ፣ ይህንን ሥዕል ያየህ እንደሆነ «ነገ ምን ይደርስብኛል?» ብለህ አትጠይቀው። «ዛሬ ከየትኛው ዋንጫ ወደ የትኛው ልገልብጥ?» ብለህ ግን ራስህን ጠይቅ። የተሻለ የአማርኛ ስም ያገኘ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ወይም መምህር ካለ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍልን ደስ ይለናል።