የካርታ መስፈርትና የመንገደኛው ርቀት

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



ካርታ ማለት ሰፊውን አገር በአንድ ወረቀት ላይ አሳንሶ የሚያሳይ ሥዕል ነው። አገሩ ምን ያህል እንዳነሰ የሚነግረን ደግሞ በካርታው ግርጌ የሚገኘው መስፈርት፥ በተለምዶ እስኬል የምንለው ነው። ብዙዎቻችን ካርታ ስንመለከት ከተሞቹን፥ ወንዞቹንና ተራሮቹን እናያለን እንጂ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ ልብ አንላትም። ነገር ግን እርስዋን ማንበብ የማይችል ሰው ሁለት ከተሞች ምን ያህል እንደሚራራቁ ከካርታ ሊያውቅ አይችልም።

መስፈርቱ 1፡2,000,000 የሆነ የኢትዮጵያ ካርታ በፊታችን አለ እንበል። ትርጓሜውም በካርታው ላይ 1 ሳንቲሜትር የሆነው በምድር ላይ 2,000,000 ሳንቲሜትር ነው ማለት ነው። 1 ኪሎሜትር 100,000 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ፥ ከቁጥሩ መጨረሻ አምስት ዜሮዎች ብናነሣ 20 ኪሎሜትር እናገኛለን።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። የማስመሪያውን ዜሮ በአዲስ አበባ ላይ አድርገን እስከ አዳማ ብንለካ 4 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። 4 በ20 ሲባዛ 80 ኪሎሜትር ነው። ወደ ባሕር ዳር ብንለካ ደግሞ 16 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም 320 ኪሎሜትር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በመኪና የሚጓዘው 560 ኪሎሜትር ያህል ነው። ታዲያ ካርታው ዋሸን? አልዋሸም። ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ገደልም ተራራም አያግደውም። መንገድ ግን የምድሩን አቀማመጥ ይከተላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን ብንወስድ፥ በማስመሪያ ከ1 ሳንቲሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ 20 ኪሎሜትር ያህል ማለት ነው። መንገዱ ግን ወደ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዘ ወርዶ፥ ድልድዩን ተሻግሮ፥ እንደገና እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ 40 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። ከደጀን ወዲያም የጮቄን ተራሮች ዞሮ በቡሬ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ የመንገዱን ርዝመት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በማስመሪያ ፈንታ ክር ይያዝ። ክሩን በመንገዱ መሥመር ላይ እያጣጠፈ ከከተማ እስከ ከተማ ያስኪደው፤ መድረሻው ላይ ምልክት አድርጎ ክሩን ይዘርጋና ይለካው። ሆኖም ትናንሾቹ መታጠፊያዎች በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ስለማይታዩ፥ በክር የተገኘውም ከእውነተኛው ማነሱ አይቀርም።

ደግሞም ካርታው በፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ ላይ ተልቆ ወይም አንሶ ከሆነ፥ በቁጥር የተጻፈው መስፈርት አያገለግልም። በመሥመር የተሣለው መስፈርት ግን ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያድግና ስለሚያንስ ሊታመን ይችላል።

ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ሕመምተኛ ይዞ በሰዓት 40 ኪሎሜትር የሚጓዝ ሰው 320 ኪሎሜትሩን ብቻ ቢያስብ በ8 ሰዓት እደርሳለሁ ይላል። 560ውን ለመጨረስ ግን 14 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስንቁንም፥ ነዳጁንም፥ የሚያድርበትንም ስፍራ ያሰበው ለ8 ሰዓት ከሆነ፥ በመንገድ ላይ ይመሽበታል። እንግዲህ ርቀት ሲነገረን፥ በቀጥታ ነው ወይስ በመንገድ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

እስቲ እናንተም በዚሁ ካርታ ሞክሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በማስመሪያ 12.5 ሳንቲሜትር ቢሆን ስንት ኪሎሜትር ነው? የመኪናው መንገድ 400 ኪሎሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ፥ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደውን የጣርማ በርን ቁልቁለት እያሰባችሁ መርምሩ። በዚያ የተጓዙ ወላጆቻችሁንም ጠይቁ፤ ካርታው ያልነገራችሁን እነርሱ ይነግሩአችኋልና።