ገብስ ጨውን የት ያስቀምጠዋል?

ጨው በአገራችን ክፉ ስም የለውም። ወጥ ያጣፍጣል፤ ሥጋ ያቆያል፤ በአሞሌው ዘመንም ገንዘብ ሆኖ ገበያ ውሏል። ለመስኖ ገበሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ፣ ጥጥ ይመረትበት ከነበረው መሬት አንዳንዱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ እስከ መተው ደርሷል። ውሃው በቦይ ሲገባ ትርፉ የሚወጣበት በቂ መንገድ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ቀረበ፤ ፀሐይም ውሃውን ስትወስደው ጨው ብቻውን ቀረ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ያኮብሰንና አዳምስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ በደቡብ ሜሶጶታምያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ዓመት ገደማ ስንዴና ገብስ በእኩል መጠን ይዘሩ ነበር። በ2100 ገደማ ግን የስንዴው ድርሻ ከመቶ ሁለት ያህል ሆኖ ተገኘ፤ እነርሱም ለዚህ የአፈሩን መጨው ምክንያት አደረጉ። ኋላ ሌሎች ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ ክርክሩን ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን እንተወው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ሰዎች ድንበር ገፋችሁ ካላሉን በቀር፣ ልንጠይቅ የወደድነው ይህን ነው፤ ገብስ ከስንዴ የሚበልጠው በምንድን ነው?

ቲማቲም ከትፎ ጨው የነሰነሰበት ሰው ጥቂት ቆይቶ ከሳሕኑ ውሃ ተጠራቅሞ ያገኛል። ውሃው የወጣው ከቲማቲሙ ሕዋሳት ነው፤ ውሃ በሕዋስ ስስ ሽፋን በኩል አልፎ የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ወገን ይሄዳልና። በጨዋማ አፈር ውስጥ ያለ ሥርም እንዲሁ እርጥብ መሬት ላይ ሆኖ ይጠማል። ስለዚህ ጨው ገና ወደ ቅጠሉ ሳይደርስ የተክሉ ዕድገት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ፣ በቀናትና በሳምንታት የሚመጣ ነው። የጨው አንደኛው ክፍል የሆነው ሶዲየም ፖታሲየምን ይመስላል። ከሃምሳ የሚበልጡ የሕዋስ ኤንዛይሞች ያለ ፖታሲየም ሥራቸውን አይሠሩም፤ ሶዲየም ግን በመልክ አታሎ በፖታሲየም በር ይገባና ቦታውን ይይዛል፤ ሥራውን ግን አይችለውም። ያረጀ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሕዋሱ ዝም ብሎ አያይም። ሶዲየም ሲበዛበት በውስጡ የካልሲየም መጠን ከፍ ይላል፤ ይህን የሚያውቅ አንድ ፕሮቲን ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛውም በሕዋሱ ዳር ያለውን ሦስተኛውን፣ ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋውን፣ ያነቃል። ይህ ሥርዓት ኤስ ኦ ኤስ ይባላል፤ የታወቀውም አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ ነው። በረኛው እንደዚህ ነው። ለዳቦ የሚሆነው ስንዴ ደግሞ ሌላ በረኛ አለው፤ ሶዲየም ከሥር ወደ ቅጠል በሚወጣው ውሃ ውስጥ ሳለ ለቅሞ ያስቀረዋል። ይህን የወረሰው ከሦስተኛው የዱር ቅድመ አያቱ ሲሆን፣ የፓስታው ስንዴ (ዱረም) እና በአንዳንድ የአገራችን ክፍል አጃ የሚባለው የጥንቱ ስንዴ ይህ ውርስ የላቸውም። ሱመሮች የሚዘሩት በብዛት ይኸኛውን ዓይነት ነበር።

እንግዲህ ገብስ የባሰ ጥብቅ በረኛ ይኖረዋል ብለን መጠበቃችን አይቀርም። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ገብስ ከዳቦው ስንዴ ይልቅ ብዙ ሶዲየም ወደ ቅጠሉ ያስገባል፤ ሆኖም የበለጠ ይችላል። ምሥጢሩ በጎተራው ላይ ነው። ባደገ የተክል ሕዋስ ውስጥ አብዛኛውን ቦታ የሚይዘው ቫኩዩል የተባለ በውሃ የተሞላ ከረጢት ነው። ገብስ ሶዲየሙን እዚያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ኤንዛይሞቹ የሚሠሩት ከከረጢቱ ውጭ ባለው ቀጭን ክፍል ስለ ሆነ መርዙ አይነካቸውም። ከዚያም በላይ የተቆለፈው ጨው ያገለግላል፤ ውሃ ይስባልና። ቀጭኑ ክፍል ደግሞ ውሃው ወደ ከረጢቱ እንዳይሸሽበት ፕሮሊንና ግላይሲን ቤታይን የሚባሉ ጉዳት የሌላቸውን ነገሮች ራሱ ሠርቶ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ሒሳቡን እንይ። የሕዋስ የኃይል ገንዘብ ኤ ቲ ፒ ይባላል። አንድ ሶዲየም ለማከማቸት 3.5 ያህል ሲጠይቅ፣ አንድ ፕሮሊን ለመሥራት 41፣ አንድ ግላይሲን ቤታይን 50 ይጠይቃል ተብሎ ተገምቷል። ጠላቱን በጎተራ አስሮ ማሠራት ለገብስ ምን ያህል ርካሽ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። ቢሆንም ነጻ አይደለም፤ ለጨው የወጣው ኃይል ለፍሬ ከሚውለው ላይ የተቀነሰ ነው።

የአፈር ጨዋማነት የሚለካው ዴሲሲመንስ በሜትር በተባለ መለኪያ ነው። የአደንጓሬ ምርት መቀነስ የሚጀምረው ከ1 በላይ ሲሆን፣ የበቆሎ ከ1.7፣ የስንዴ ከ6፣ የጥጥ ከ7.7፣ የገብስ ከ8 በላይ ነው። ጥጥ ከገብስ ጋር ትከሻ ለትከሻ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ በአዋሽ ጥጥ ያቃተው መሬት ምን ዓይነት መሬት እንደ ሆነ ይገባዋል።

አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአንድ ጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ያገኙትን የበረኛ ጂን በማዳቀል ወደ ዱረም አስገብተው፣ ጨዋማ በሆነ ማሳ ላይ ምርቱ ጂኑ ከሌለው በ25 ከመቶ መብለጡን በ2012 (እ.ኤ.አ.) አስታወቁ። ዱረም ስንዴ በብዛትና በልዩ ልዩ ዓይነት ለሚገኝበት አገራችን ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዘር የቦይ ማፍሰሻን ይተካል የሚል ሐሳብ የምንሰማ ከሆነ አንቀበለውም። ጎተራው ሲሞላ ቅጠሉ ይሞታል፤ አሮጌው ቅጠል ከሚሞትበት ፍጥነት አዲሱ የሚያቆጠቁጥበት ካነሰ ተክሉ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ቅጠሉም ማሳው ላይ ሲረግፍ ያሰረው ጨው ወደዚያው አፈር ይመለሳል። ከዚያ የሚያስወጣው በላዩ የሚለቀቅ ብዙ ውሃና ያን ውሃ ተቀብሎ ከማሳው የሚያርቅ ጥልቅ ቦይ ነው።