ወረቀት ሳይዙ ቦታን ስለ መፈለግ
(ከ11ኛ ክፍል ተማሪ)

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እኛ ግን ባለፈው ኅዳር ወር የምናውቀውን አገር እንደ አዲስ ስንፈልግ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ዋልን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ቀን የተማርነውን ለጓደኞቻችን፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን መግለጥ ነው። ነገሩ ሲጀመር ጨዋታ ብቻ ይመስል ነበር፤ ሲያልቅ ግን ስለ ካርታ፣ ስለ መሬትና ስለ ወረቀት ብዙ የሚያሳስብ ሆኖ አገኘነው።

ሀ. ጨዋታው ምንድን ነው?

ጨዋታው በውጭ አገር ጂኦካሺንግ ይባላል። «ጂኦ» በግሪክ ቋንቋ ምድር ማለት ነው፤ «ካሽ» ደግሞ ተሸሽጎ የተቀመጠ ዕቃ ማለት ነው እንጂ በገበያ ካሽ የምንለው ጥሬ ገንዘብ አይደለም። አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ደብተርና አንዳንድ ርካሽ ነገር ከትቶ በአንድ ስፍራ ይደብቃል፤ የስፍራውንም ኬክሮስና ኬንትሮስ ለሌሎች ያስታውቃል። ፈላጊው በእጅ በሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ እየተመራ ይሄዳል። ባገኘውም ጊዜ ስሙን በደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ አንድ ነገር ቢወስድ በምትኩ ሌላ ያኖራል፤ ከዚያም ዕቃውን እንደ ነበረ አድርጎ ይመልሳል።

ጂፒኤስ የአሜሪካ መንግሥት በመጀመሪያ ለጦር ኃይሉ ያቋቋመው የሳተላይት ሥርዓት ነው። መንግሥቱ ለሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆነ ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ ተራው ሰው የቆመበትን ስፍራ የሚያውቀው እስከ 100 ሜትር በሚደርስ ስሕተት ነበር። ይህ ማዛባት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ቀረ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሪገን ጫካ ውስጥ በባልዲ ልዩ ልዩ ዕቃ ደብቆ ቦታውን በቁጥር አስታወቀ፤ ጥቂት ቀንም ሳይቆይ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ የተደበቁት ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ለ. መሣሪያው ቦታውን እንዴት ያውቃል?

ሳተላይቶቹ ከ24 የማያንሱ ሲሆኑ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ያለበትን ስፍራና ትክክለኛ ሰዓቱን ሳያቋርጥ ያስታውቃል። ምልክቱ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ እጃችን ላይ ለመድረስ የአንድ ሴኮንድ አሥራ አምስተኛ እጅ ያህል ይፈጅበታል። መሣሪያውም ከዚህ ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለው ርቀት ከታወቀ ስፍራው ይታወቃል፤ አራተኛው ደግሞ የመሣሪያው የራሱ ሰዓት ያለበትን ስሕተት ለማረም ያገለግላል። ሰዓቱ የአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ እጅ ብቻ ቢሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታልና።

መሣሪያው ተቀባይ እንጂ ላኪ አይደለም። ስለዚህ የስልክ ኔትዎርክ በሌለበት በአባይ በረሃም ቢሆን ሰማይ እስከታየ ድረስ ይሠራል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለ ሆነ አንዱ ደቂቃ 1,850 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የደቂቃው ሺኛ እጅ ደግሞ ከሁለት ሜትር ያንሳል። ደብረ ኤልያስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ፣ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ ደግሞ በ37ኛውና በ38ኛው ዲግሪ መካከል ትገኛለች ማለት ለዓለም ካርታ ይበቃል። ከዛፍ ሥር ለተደበቀ ዕቃ ግን ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ያስፈልጋል።

ሐ. ወረቀቱ እንዴት ቀረ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእጅ መሣሪያዎቹ የሚይዙት አጭር ስምና የቦታውን ቁጥር ብቻ ነበር። ስለዚህ ፈላጊዎች ለእያንዳንዱ ስውር ዕቃ አንድ አንድ ገጽ እያተሙ ይሸከሙ ነበር። በገጹ ላይ የስፍራው መግለጫ፣ ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ቁጥር የፍለጋውና የመንገዱ አስቸጋሪነት፣ በምሥጢር ጽሕፈት የተሰወረ አንድ ፍንጭ፣ እንዲሁም ቀደም ብለው ያገኙት ሰዎች ቃል ይገኝ ነበር። በአንድ ቀን ሃያ ዕቃ ለመፈለግ የሚወጣ ሰው ሃያ ገጽ ይዞ ይወጣል፤ ዝናብ ቢመታውም ወረቀቱ ይበሰብሳል።

ቆየት ብሎ አንዳንዶቹ ጽሑፉን በኪስ ኮምፒዩተር ላይ ይይዙ ጀመር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጋርሚን የተባለው ፋብሪካ ኮሎራዶና ኦሪገን ብሎ የሰየማቸውን መሣሪያዎች አወጣ። እነዚህም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መግለጫውን፣ ፍንጩንና የሰዎቹን ቃል ጭምር ይይዙ ነበር። ከኮምፒዩተር አንድ ፋይል ሲገለበጥላቸው የብዙ መቶ ገጽ ሥራ በአንድ እጅ ይያዛል። ዛሬ ይህንኑ ሥራ የኪስ ስልክም ይሠራዋል።

ወረቀት የሌለበት ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። የቅኔ ተማሪ በየሜዳው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ይሁን እንጂ ያ ተማሪ ወረቀቱን የተወው በወረቀት ሊሠፍር የሚችለውን ሁሉ በልቡ ከያዘ በኋላ ነው። እኛ ግን፣ ቀጥሎ እንደማስረዳው፣ ሳንይዝ ነበር የተውነው።

መ. የቅዳሜው ፍለጋ

የጂኦግራፊ መምህራችን አራት የፕላስቲክ ዕቃዎች ደብቀው ለሁለት ቡድን ከፈሉን። አንደኛው ቡድን ካርታና ኮምፓስ ያዘ፤ የእኛ ቡድን የእጅ ጂፒኤስ ደረሰው። መምህራችን ለሁለቱም ቡድን ስለ አራቱ ዕቃዎች የተጻፈበት አንድ ወረቀትና የካርታ ቅጂ ሰጡ። እኛ ቁጥሮቹን ወደ መሣሪያው ካስገባን በኋላ «ከእንግዲህ ወረቀት ምን ያደርግልናል?» ብለን ሁለቱንም በክፍል ውስጥ ትተናቸው ሄድን።

ሦስቱን ዕቃዎች ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኘናቸው። ወደ አራተኛው ስንሄድ መሣሪያው እየመራን ከአንድ ማሳ ዳር አደረሰንና የቀረው ርቀት 0 ሜትር ነው አለ። በፊታችን ሊታጨድ የደረሰ ጤፍ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ በመቸኮል ወደ ጤፉ ገባ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትራቸውን ይዘው መጡ።

«እንዴት ዋሉ አባቴ?» አልን።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ላካችሁ ልጆቼ? ያ የያዛችሁት የመሬት መለኪያ አይደለም ወይ?»

«አይደለም አባቴ፤ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው።»

«በመሬት ጨዋታ የለም» አሉ።

በጣም ደነገጥን። ይቅርታ ከጠየቅን በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳናቸው። እርሳቸውም ቀስ በቀስ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ወሰናቸው ከየትኛው ድንጋይ ተነሥቶ እስከ የትኛው ቦይ እንደሚደርስ፣ አዋሳኞቻቸውም እነማን እንደ ሆኑ እየዞሩ አሳዩን። «የምትፈልጉት ነገር ምን ምልክት አለው?» ብለው ቢጠይቁን ግን መልስ አጣን። ምልክቱ በተውነው ወረቀት ላይ ነበርና። በመጨረሻ ከእኛ አንዷ «ወይራ የሚል ቃል አይቻለሁ» አለች። ሽማግሌው ሳቅ ብለው በበትራቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ አመለከቱን። ከ200 ሜትር በላይ ከሄድን በኋላ አንድ አሮጌ ወይራ አገኘን፤ ባለ ካርታዎቹ ጓደኞቻችንም ዕቃውን አግኝተው ከጥላው ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር።

ሠ. ስሕተቱ ከየት መጣ?

ብዙዎቻችን መሣሪያው የተበላሸ መስሎን ነበር። መምህራችን ግን የካርታውን ቅጂ አምጥተው በኅዳጉ ላይ የታተመች አንዲት ቃል አሳዩን፤ ቃሏም «አዲንዳን» ትላለች። አዲንዳን በሱዳንና በግብፅ ወሰን አጠገብ በአባይ ሸለቆ የነበረ የልኬት መነሻ ነጥብ ነው። ከ1950 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኢትዮጵያና አሜሪካ ስለ አባይ ተፋሰስ በጋራ ባደረጉት ጥናት የልኬቱ መረብ ከሱዳን ወደ አገራችን ተዘረጋ። ሃምሳ ሺኛ የሚባሉት የአገራችን ካርታዎችም የተሠሩት በዚህ መነሻ ነው። ጂፒኤስ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. የተወሰነ ሌላ የዓለም መነሻ ይጠቀማል። ስለዚህ በካርታው የሜትር መሥመር የተነበበ ቁጥር ሳይለወጥ ወደ ጂፒኤስ ቢገባ በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይስታል። ይህ በካርታው ላይ ከአራት ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በምድር ላይ ግን ከወይራው እስከ ሰው ጤፍ ድረስ ነው።

መምህራችን ሦስቱን ቦታዎች በመሣሪያ፣ አራተኛውን ግን ከካርታ ነበር ያነበቡት። ይህም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ የልኬቱን መነሻ ወደ አዲንዳን ለውጠን ቁጥሩን እንደ ገና ብናስገባው ቀስቱ ወዲያው ወደ ወይራው ዞረ። እንግዲህ መሣሪያውም ካርታውም አልዋሹም፤ ያጠፋነው ቁጥሩን ወስደን ኅዳጉን የተውነው እኛ ነን።

ረ. ሽማግሌው ለምን ሠጉ?

ይህን ጥያቄ ለወላጆቻችን አቅርበን ነበር። በጎጃም የመሬት ልኬት ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው በተነሡ ጊዜ፣ መሬት ሊገምት የሚመጣ ሁሉ ርስታችንን ሊያሳጣን ነው የሚል ሥጋት በሕዝቡ ዘንድ ነበረ። ገመድ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚፈራው ስለዚህ ነው፤ ዛሬ በገመዱ ፈንታ መሣሪያ ቢይዝም ጥያቄው ያው ነው።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬዎች የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ተጀመረ። በመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ላይ የማሳው ካርታ አልነበረም፤ የአዋሳኞቹ ስም ግን ተጽፎበት ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍና በጂፒኤስ እየተረዱ እያንዳንዱን ማሳ በካርታ ማስፈር መጣ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለምሳሌ በእያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ማሳ ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለት ሩብ ሄክታር ነው። እንደ እኛ ያለ የእጅ መሣሪያ በገላጣ ስፍራም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ወሰኑ በአንድ ወገን 3 ሜትር ቢገፋ 150 ካሬ ሜትር፣ ማለት ከመቶ 6 እጅ መሬት ወደ ጎረቤት ያልፋል። ለጨዋታ ሦስት ሜትር ምንም አይደለም፤ ዕቃውን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ለአንድ ቤተ ሰብ ግን እንጀራ ነው። ስለዚህ ወሰን ሲለካ አዋሳኞች ቆመው «ከዚህ እስከዚህ» ብለው መመስከራቸው ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው። የእነርሱ ቃል የማሳው ኅዳግ ነው።

ሰ. ለሚጀምሩ ጓደኞች ምክር

1ኛ. ወረቀቱን ከመተውህ በፊት በላዩ ያለውን ሁሉ፣ ፍንጩንና የልኬቱን መነሻ ጭምር፣ ወደ መሣሪያው አስገባ። አንዲት ገጽም ቢሆን በኪስህ ትኑር፤ የባትሪ ድንጋይ ያልቃል፣ ወረቀት ግን አያልቅበትም።

2ኛ. ከትልቅ ዛፍ ሥርና ከገደል አጠገብ መሣሪያው ይሳሳታልና ቀስቱን ብቻ አትመን፤ ዙሪያህን ተመልከት።

3ኛ. ዕቃው ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ በላዩም የትምህርት ቤቱ ስም ይጻፍበት። የተዘጋ እንግዳ ዕቃ ሰውን ያስደነግጣል።

4ኛ. ከሰው ማሳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ከመቃብር ስፍራ ራቅ። አስቀድመህ ባለቤቱንና የቀበሌውን ሰዎች አስፈቅድ።

5ኛ. በመንገድ ያገኘኸውን ሰው ሰላም በል፤ የምትሠራውንም ሳትጠየቅ ንገር።

በሳምንቱ ማጭድ ይዘን ወደ ሽማግሌው ማሳ ሄድን፤ ጤፋቸውንም አብረን አጨድን። ማታ ልንሰናበታቸው ስንል መሣሪያውን ተቀብለው ጥቂት አገላብጠው አዩትና «ይህ ነገር የእኔን አዋሳኞች ስም ያውቃል?» ብለው ጠየቁን። «ካልጻፍንበት አያውቅም» ብለን መለስን። «እንግዲያውስ ጻፉበት» አሉን።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከዚያ ቅዳሜ የተማርነው ይኸው ነው። አዲሱን መሣሪያ በደስታ እንቀበል፤ ነገር ግን ወረቀቱን ስናስቀምጥ በኅዳጉ ያለውን ዕውቀት አብረን አናስቀምጥ።