በውሃማ ማሳ ላይ ዝይና ዳክዬ ለምን አይተኮስም?

ክረምት ሲገባ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። በሰበታ በኩልም ዝቅ ያለው መሬት ይጨቀያል። በቡራዩ አጠገብ ደግሞ የገፈርሳ ግድብ አለ። ውሃ ባለበት ዝይና ዳክዬ ይሰፍራል። አንዳንዴ ጠመንጃ የያዘ ሰውም ተከትሎ ይመጣል። «ማሳችሁ ዳር ልተኩስ?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ገበሬ ወገኖቻችን፣ የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው።

1. ወፎቹን እንወቅ

አንዱ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። ሰውነቱ ግራጫማ ቡኒ፣ ምንቃሩ አጭርና ጥቁር ነው። ሲበር ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። የሚበላው በአብዛኛው ሣር ነው። ይህ ዝይ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። እዚህ ካለቀ አለቀ ማለት ነው።

ሌሎቹ እንግዶች ናቸው። ምንቃሯ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬና ጅራቷ የሾለ ዳክዬ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ። በጋውን ከርመው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

አብዛኛው የአገራችን ገበሬ በልማድ ዝይና ዳክዬ አይበላም። ወፎቹ እስከ ዛሬ እንዲቆዩ ይህ ልማድ ረድቷል።

2. ጥይቱ የት ይሄዳል?

የወፍ ጥይት በውስጡ ብዙ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ አለው። ይህ እርሳስ የምንጽፍበት አይደለም፤ መርዝ ያለው ማዕድን ነው። ወፏን የሳተው ፍሬ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ዶሮ ጠጠር እንደምትለቅም ሁሉ ዳክዬም ምግቧን በሆዷ ለመፍጨት ጠጠር ትውጣለች። እርሳሱን ጠጠር መስሏት ከዋጠችው ተመርዛ ትሞታለች። ከድርቆሽ ጋር ቢገባ ላምንም ይጎዳል። አሜሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. ለዳክዬና ለዝይ አደን የእርሳስ ጥይትን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. በረግረግ ቦታ ከልክሏል።

ሌላም አደጋ አለ። ጥይት ውሃ ሲመታ ነጥሮ አቅጣጫውን ሊለውጥ ይችላል። ሜዳው ላይ እኮ ከብት የሚጠብቁ ልጆቻችን አሉ!

3. «እህሌን በሉብኝ» ለሚል

እውነት ነው፣ ዝይ ለጋ ቡቃያ ይበላል። የደከመበት ገበሬ ቢናደድ አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን ጥይት አይደለም።

ሀ. ማለዳና ምሽት ማሳ ጠብቁ፤ ጅራፍ አጩኹ።
ለ. ማስፈራሪያ አቁሙ፤ እንዳይለምዱት ቦታውን ቶሎ ቶሎ ለውጡ።
ሐ. ከተዘራው ማሳ ውሃውን በቦይ አጠንፍፉ፤ የግጦሹን ረግረግ ግን ተዉት። ወፎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ሣሩም ለከብቶቻችሁ ይሆናል።

4. ሕጉ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 አለ። ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። ስለዚህ ለመጣው ሰው «ፈቃድህን አሳየኝ» በሉት። ከሌለው ለቀበሌ ንገሩ። ዛሬ ማንበብ ችላችኋል፤ የሚያሳያችሁንም ወረቀት ራሳችሁ አንብቡት።

ጥያቄዎች

1. ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ዝይ የትኛው ነው?
2. ጭቃ ውስጥ የቀረ እርሳስ ዳክዬን እንዴት ይገድላል?
3. በእናንተ ማሳ ላይ ወፍ ሳይገደል የሚባረርበትን አንድ ዘዴ በደብተራችሁ ጻፉ።